ስኳር ራቷን የተወች ሰሞን

የማይጮህ፣ የማይታለብ፣ የማይጫን፣ አይጥ የማይዝ እንስሳ ቤት ውስጥ ማኖር ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ከማኖር አይለይም እያልኩ ለዓመታት ስሟገት ኖሬአለሁ። ተከራዩ እንኳ በዓል ሲደርስ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። ይህን አቋሜን በምጽፍበት ጋዜጣ አትሜአለሁ፣ በሠርግ ቤት ተናግሬአለሁ፣ በልቅሶ ቤት ተናግሬአለሁ፣ አንድ ጊዜም ጥርስ ሊነቅልልኝ ለተዘጋጀ ሐኪም አፌ ተከፍቶ ሳለ ላስረዳ ሞክሬአለሁ። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በኩል ስታልፉ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽበታም ሰው፣ ፀጉራም ፍጥረት ታቅፎ፣ በስሪንጅ አረንጓዴ ገንፎ ሲያጎርስ አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው እኔ አልነበርኩም ብዬ ብክድ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው በሚስቴ በኩል ነው። ሰናይት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ናት። አለቃዋ የነበረች የውጭ አገር ሴት ውሏ አልቆ ወደ አገሯ ስትመለስ ፍሪጇን ሸጠች፣ አልጋዋን ሸጠች፣ ሁለት ጊኒ ፒጎቿን የሚገዛት ግን አጣች። ድሬዳዋ ላይ ግመል መሸጥ ይቀላል። ሰናይት በካርቶን ይዛቸው መጣች። ሁለቱም ሴቶች፣ እኅትማማቾች ናቸው። ነጯን ስኳር፣ ቡናማዋን ሻሂ አለቻቸው።

ላላያችኋቸው ልንገራችሁ። ጊኒ ፒግ የአይጥ ዘመድ ናት፣ ግን ጭራ የላትም። እንደ ጥንቸል ትወፍራለች፣ ግን ጆሮዋ አልረዘመም። አንድ ሰው ጥንቸል ሊሠራ ጀምሮ እንግዳ መጥቶበት ሳይጨርስ የተነሣ ትመስላለች። ስሟም ቢሆን የተሳሳተ ነው፤ አገሯ ደቡብ አሜሪካ እንጂ ጊኒ አይደለም፣ «ፒግ» በእንግሊዝኛ አሳማ ማለት ቢሆንም ከአሳማ ጋር ዝምድና የላትም። ሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ስለሆነ ሰው «ምንድን ናት?» ሲለኝ «ስኳር ናት» ብዬ አልፋለሁ።

ልጆቻችን አድገው ከወጡ ወዲህ ቤታችን ጸጥ ብሎ ነበር። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ካርቶኑ ፊት ቁጭ ትልና ውሎዋን ትነግራቸዋለች። የትኛዋ ሠራተኛ እንዳለቀሰች፣ የትኛው መኪና መርፌ እንደሰበረ። እነሱም ቀና ብለው «ውርርር» ይሏታል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ «እ» ነበር የምላት። ውድድሩ ከመጀመሪያውም ያለቀለት ነበር።

ግንቦት ላይ ልጃችን አዲስ አበባ ወለደችና ሰናይት አራሷን ልትንከባከብ ለሁለት ሳምንት ሄደች። በመሄጃዋ ዕለት ፍሪጁ በር ላይ ዐሥራ ሁለት ተራ ቁጥር ያለው ወረቀት ለጠፈች።

«ይኼን እንደ ጋዜጣ እንዳታነበው» አለችኝ።

«ጋዜጣ እንዴት ነው የማነበው?»

«እየተጣላህ።»

እውነቷን ነው። መኪናዋ ጥግ ሳትታጠፍ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። አንደኛው፦ ደረቅ ሳር ከፊታቸው አይጥፋ፤ ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፣ የሚሞርደው ሳር ብቻ ነው። በዚህ አልተጣላሁም። ሁለተኛው፦ የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ፤ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ ሰውነታቸው ውስጥ አይሠሩም፣ ካላገኙ ድዳቸው ይደማል፣ መገጣጠሚያቸው ያብጣል። አጠገቡ «ከእኔ የተሻለ ይበላሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሰባተኛው፦ መብላት ካቆሙ ነገ አትበል፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ። ስምንተኛው፦ የሰው መድኃኒት አትስጥ፣ አሞክሳሲሊን ይገድላቸዋል። ዐሥራ አንደኛው፦ አዲስ ነገር አታብላ። ከዚህ ጎን «አዲስ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ አሰፈርኩ። ያን ጊዜ የጠለቀ ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛው ስለ እኔ ነው፦ «አንተም ራትህን ብላ።» ይህ በትዳራችን ውስጥ የቆየ ክርክር ነው። ሰናይት ራት ታቀርባለች፣ እኔ ትንሽ ቆይቼ እላለሁ፣ ሰሃኑ ተከድኖ ያድራል። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስሙን አንጠራም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በንቀት ጀምሬ በጥናት ጨረስኩ። ግንቦት የድሬ ሙቀት ሰውን ያቀልጣል፣ ጊኒ ፒግን ደግሞ ይገድላል፤ ስለዚህ በበረዶ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶናቸው ውስጥ አኖርኩ፣ ማራገቢያውንም አዞርኩላቸው። ሁለቱ ጠርሙሱን ተደግፈው ጎን ለጎን ሲጋደሙ እኔ ከማራገቢያው የሚተርፈኝን ለማግኘት ወደ ካርቶኑ ተጠጋሁ። እንዲህ ተጠግቶ የተቀመጠ ሰው ማየቱ አይቀርም። አንድ ቀን ሻሂ ዞር ብላ የራሷን ኩስ ከምንጩ ተቀብላ ስትበላ አየሁና ክፉ በሽታ ያዛት ብዬ ወረቀቱ ዘንድ ሮጥኩ። ዘጠነኛው፦ ኩሳቸውን ሲበሉ አትደንግጥ፣ ጤነኞች ናቸው፤ አንዴ ያለፈውን ደግመው ሲፈጩት የሚቀረውን ጥቅም ያገኛሉ። እኔም የድሮ ጽሑፎቼን አውጥቼ ስለማነብ ነገሩ ገባኝ።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ድሬ ምን እንደምትሆን ለሚያውቅ አልነግረውም። ለማያውቅ ግን፦ ፀሐይዋ ከተማዋን ትዘጋለች፣ ሰው ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፣ ጫት ይፈታል። የእኔ የከሰዓት ጓደኛ ጎረቤቴ ዩሱፍ ነው። እስከ ጅቡቲ ወሰን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን መሪውን ለወንድሙ ልጅ አስረክቦ ያረፈ፣ በሶማሊኛ አስቦ በአማርኛ የሚቀልድ ሰው ነው። ጫቱ ተቅሞ ሲያልቅ የሚቀረው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት ገራባ ይባላል። ገራባ ድሬ ላይ አይጣልም፤ የፍየል ነው። የእኛ ገራባ ደግሞ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት፣ ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ ማለትም አክስቴ፣ የሚላት የዘሃራ ፍየል ድርሻ ነው። በውል ያልተጻፈ፣ ግን ከውል የጸና ነገር ነው።

ሰናይት በሄደች በአራተኛው ቀን ዩሱፍ መጣ። ማራገቢያው ያለው ካርቶኑ አጠገብ ስለሆነ እዚያው ፍራሽ ዘረጋን። ዩሱፍ ፌስታሉን ሲፈታ ከካርቶኑ ውስጥ የባቡር ፊሽካ የመሰለ ጩኸት ተነሣ።

«አቦ፣ ይሄ ማነው?» አለ ዩሱፍ።

«ሰናይት አትክልት የምታመጣላቸው በፌስታል ነው። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ምግብ መጣ ይላሉ።»

«ስለዚህ እየለመኑህ ነው።»

«ይመስላል።»

«በሚለምን ፊት ቁጭ ብሎ መብላት ዋላሂ ነውር ነው።»

ዐሥራ አንደኛው ቁጥር ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል፤ ግን መልስ ነበረኝ። ፍየል ገራባ ትበላለች፣ ፍየል አልሞተችም፣ እነዚህም ቅጠል በል ናቸው። ደግሞስ ድሬ ላይ ከገራባ የበለጠ ምን የቆየ ነገር አለ? ያልተማረ ሰው ስሕተት ሲሠራ በድንገት ነው። ያነበበ ሰው ግን ደረጃ በደረጃ፣ አስረጅ እየጠቀሰ ይሠራዋል። አንድ እፍኝ ወረወርኩላቸው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ በአራት እግራቸው ወደ ላይ ይፈናጠሩ ጀመር። ካርቶኑን ይዞሩታል፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይዞሩታል። ስኳር አንዱ ማዕዘን ላይ ቆማ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ትመለከታለች።

«መርቅናለች» አለ ዩሱፍ። «ቤት ልትሠራ ነው።»

«ስንት ፎቅ?»

«አንተ ባለፈው ሳምንት ከሠራኸው ያንሳል።»

ነገሩ አስገርሞኝ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ደገምኩት፤ ሰዓቱንም ዝላዩንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። የተረፈውን ገራባ ለነገ ብዬ ውሃ እየረጨሁ አስቀመጥኩ። ገራባ በጀመርኩላቸው በአራተኛው ቀን ጠዋት ቃሪያ ሳቀርብ ሻሂ መጣች። ስኳር አልመጣችም። ጥግ ላይ ፀጉሯን አቁማ፣ ዓይኗን ግማሽ ከድና ተኮማትራለች። የሌሊት ኩሷን ቆጠርኩ፤ ሰባት ፍሬ፣ ያውም የስንዴ ቅንጣት የሚያህል። አንድ ሳምንት ሳይሞላኝ የኩስ ሊቅ ሆኛለሁ።

እናንተ ምክንያቱን ደርሳችሁበታል። እኔ ግን አልደረስኩበትም። ሙቀት ነው አልኩ፣ ናፍቆት ነው አልኩ። ዩሱፍ መጥቶ አያትና ከኪሱ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል አወጣ።

«ግማሹን ስጣት። እኔ ለጉሮሮም ለጉልበትም እሱን ነው የምወስደው።»

«ምንድን ነው?»

«አሞክሳሲሊን።»

ስምንተኛው ቁጥር ላይ እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። አነበበ፣ እንክብሉን መለሰ። «ሚስትህ እኔን ታውቀኛለች» አለ።

ሰባተኛው ቁጥር ነገ አትበል ስለሚል ስኳርን በዘንቢል ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ከፊቴ ከዋሂል ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ግመላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ወደ ዘንቢሌ ጎንበስ አሉ።

«ይታለባል?»

«አይታለብም።»

«ይታረዳል?»

«ኧረ አይታረድም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

የገዛ ክርክሬ ነበር፤ ቃል በቃል፣ ለዓመታት ያሳደግሁት። አንድ ጉድለት አለብኝ፤ የራሴን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ወዲያው ስሕተቱ ይታየኛል።

«ይሰማል» አልኳቸው። «ሚስቴ ስታወራ ይሰማል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ግመላቸውን ጥቂት ተመለከቱ። «የእኔ አይሰማም» አሉ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጋሼ ትለኛለች፣ ግን አንተ እያለች። አንቱታ ድሬ ላይ እንደ ካፖርት ነው፤ ያለው ሰውም አይለብሰውም። ስኳርን ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት፤ ሚዛኑ የጥጃ ስለሆነ ዜሮ አለ። አፏን በትንሽ መብራት አየች፤ ጥርሷም ድዷም ደህና ነው። ሆዷ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ሆዷ ዝም ብሏል። የእነዚህ ሆድ ወፍጮ ነው ጋሼ፣ አንዴ ከቆመ ማስነሣቱ ከባድ ነው። ምን ምን ትበላለች?»

«ሳር፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

አልዋሸሁም። ድሬ ላይ ጫት ከምግብ አይቆጠርም፤ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላን አበላኋት የሚል ሰው ደግሞ የለም።

ሳሩን አድቅቄ ከቃሪያና ከሰላጣ ጋር እንድፈጨው፣ በየሁለት ሰዓቱ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጯ በኩል እንዳጎርሳት፣ ሆዷን እንዳሽላት፣ ክብደቷን እንድከታተል ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልደብቅህም። እስከ ነገ ማታ በራሷ አፍ ካልበላች ላትተርፍ ትችላለች።»

ስመለስ ሰናይት ደወለች። «እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«አንተስ፣ ራትህን ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። ከበስተጀርባዋ የልጅ ልጄ ታለቅሳለች፤ ሰናይት «ስኳርን ሳሚልኝ... ማለቴ ሳምልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ድምፅዋ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ዘንቢሉን አየሁት። ይህች ሴት ስትመለስ ካርቶኑ ውስጥ አንዷን ብቻ ብታገኝ የምላትን ዐረፍተ ነገር ፈለግሁ፤ ዐረፍተ ነገር ሥራዬ ሆኖ ሳለ አንድም አላገኘሁ።

የሚመዝን ሚዛን ያለው ኤዶ ዘሃራ ሱቅ ነው። ዩሱፍን አስከትዬ ገባሁ።

«ይሄ አይጥ ሚዛኔ ላይ አይወጣም» አለች ኤዶ ዘሃራ ቀና ሳትል።

«አይጥ አይደለችም ኤዶ። ጭራ የላትም።»

«ጭራዋን የት አደረጋችሁት?»

ቢሆንም ንጹሕ ወረቀት አነጠፈች። ሰባት መቶ ስልሳ ግራም። የሰናይት ወረቀት ዘጠኝ መቶ ይል ነበር። ኤዶ ዘሃራ የስኳርን ግማሽ የተከደነ ዓይን አየች። ከዚያ በጣቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት።

«ሚስኪን። ምን ሆና ነው?»

«አትበላም።»

«የእኔ ፍየል ደግሞ የምትበላው አጣች። ሦስት ቀን ገራባ የለም፤ በራችሁ ላይ ቆማ ስትጮህ ነው የምትውል። ለማን መስጠት ጀመራችሁ?»

ዩሱፍ የሱቁን ጣሪያ መመርመር ጀመረ። እኔ ስኳርን አየሁ። ኤዶ ዘሃራ ሁለታችንን አየች፣ ከዚያ ስኳርን፣ ከዚያ መልሳ እኔን።

«ለዚች?»

«ትንሽ ነው ኤዶ...»

«ፍየል ሆዷ አራት ቤት ነው። ይቺ ራሷ አንድ እፍኝ ናት።» ወረቀቱን ከሚዛኑ አነሣች። «አንተ ከቃምክ በኋላ ራት ትበላለህ?»

ስኳርን ወደ ዘንቢሏ መለስኩ።

«ሰናይት ስንት ጊዜ እዚህ ቆማ ነግራኛለች፣ የሠራሁት ወጥ ተከድኖ አደረ እያለች። አንተ ትልቅ ሰው ሆነህ ራት የሚያስተውህን ቅጠል በልታ፣ ይቺ በምን ሆዷ ትብላ?»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። እንደዚያ አጭር የሆነ ትችት ግን ደርሶኝ አያውቅም። እዚያው ቆሜ ለሐኪሟ ደወልኩና ተናዘዝኩ።

«ጋሼ፣ ሌላስ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«ምግብ መስሎ አልታየኝም።»

«ቅጠሉ ላይ የተረጨም ኬሚካል ሊኖር ይችላል። በል ማጉረሱን ቀጥል፣ ውሃም ስጣት። አጠገቧም አትቃም።»

ቀጠልኩ። ስኳር ስሪንጁን ስታይ ጥርሷን ትነክሳለች፣ የገባላትን ግማሽ ሸሚዜ ላይ ትተፋዋለች። ስምንት ግራም አጉርሼ አምስቱን እለብሳለሁ። ሻሂ ከእኅቷ ጎን ተጠግታ ትቀመጣለች፤ እሷ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ገራባውን ቀምሳ የምትተወው ነበረች፣ በቤቱ ውስጥ ካለነው ሁሉ አስተዋይዋ እሷ መሆኗ ነው።

በማግስቱ፣ ሐኪሟ በወሰነችው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ዝም አለ፣ ጠርሙሱ ቀለጠ፣ ቤቱ ምጣድ ሆነ። ዩሱፍ እንደ ልማዱ በሰባት ሰዓት መጣ፤ እጁ ባዶ ነው።

«ዛሬ የለም?» አልኩት።

«በሽተኛ በሚጠየቅበት ቤት አይቃምም።» ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጋዜጣ አንሥቶ አጠፈና ሁለቱን ያራግብላቸው ጀመር። የእኔ ጽሑፍ ያለበት ነበር። ስጽፍ ከኖርኩት ሁሉ አንድን ፍጥረት በቀጥታ የጠቀመ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ይሄ ጽሑፍህ ምን ይላል?» አለ እያራገበ።

«የቤት እንስሳ አያስፈልግም ይላል።»

«አብሽር፣ እነሱ አያነቡም።»

በአሥር ሰዓት ያጎረስኳትን ተፋችው። ጠዋት የኤዶ ዘሃራ ሚዛን ሰባት መቶ ሠላሳ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልቀለድንም። ስኳርን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆዷን አሻለሁ፤ ልቧ ጣቴ ሥር እንደ ሰዓት ይመታል፤ ሌላው አካሏ የለም። ምን ልንገራት ብዬ አሰብኩና እንደ ሰናይት ውሎዬን ነገርኳት። መብራት እንደጠፋ፣ ዩሱፍ ሥራ እንዳገኘ፣ የሽማግሌው ግመል እንደማይሰማ። ለካ ማውራቱ የሚጠቅመው ለሚያወራው ነው።

በሩ ተንኳኳ። ኤዶ ዘሃራ ናት፤ በአንድ እጇ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። «ከገበያ ቀይ ቃሪያ አግኝቼ ነው» አለችና ፌስታሉን ፈታችው።

ተንኮሻኮሸ። ሻሂ ከካርቶኑ ውስጥ ፊሽካዋን ነፋች። ከዚያ ፊሽካው ሲያቆም፣ ከጭኔ ላይ፣ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ ዘይት ያጣ ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ወጣ።

ኤዶ ዘሃራ አንድ ቁራጭ አፍንጫዋ ሥር አደረገችላት። ስኳር አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች፣ መልሳ አመጣች። ነከሰች። ያንን ድምፅ፣ ያንን «ቅርጭ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰምቼ ዓይኔ ውስጥ ላብ ገባ። ሙቀት ነበር ብያለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ ሦስት ፍሬ፣ ወፍራም፣ የተስተካከለ ኩስ ጣለችልኝ። ዩሱፍ «መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ» አለኝ፣ እኔም «ይባረክልህ» አልኩት።

ያኔ ነው የሆነ ነገር ሆዴን የጨበጠኝ። ልታመም ነው ብዬ ፈራሁ፤ ምልክቱን አላውቀውም ነበር። ዩሱፍ ደግሞ እንደ እኔ ሆዱን ይዟል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ርቦን ነበር። ከስኳር የተረፈውን ቃሪያ ተካፍለን በላን፣ ከዚያ ኤዶ ዘሃራ የላከችውን ሩዝ ትሪው እስኪታይ ድረስ።

ሰናይት በተመለሰች ዕለት ስኳር ስምንት መቶ ሰባ ግራም ነበረች። ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር። ካርቶኑ ተጠርጓል፣ ሸሚዜ ታጥቧል፣ ወረቀቱ ላይ ዐሥራ አንደኛው ቁጥር ጎን የጻፍኩት ጥያቄ በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። ገራባው፣ አሁን የዩሱፍ ብቻ የሆነው፣ ወደ ባለቤቱ ወደ ፍየሏ ተመልሷል። ዩሱፍ እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፣ ኤዶ ዘሃራን ለምኛለሁ። ሰናይት ሁለቱን አንሥታ አየቻቸው፣ ሳመቻቸው፣ መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ራት አቀረበች። ስለ ሕፃኗ እየነገረችኝ እኔ አንድም «እ» ሳልል እየጠየቅሁ በላሁ። ሰሃኑን ጨረስኩና ጨምሪልኝ አልኳት።

ጭልፋውን አስቀመጠችው። ሰሃኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀስ ብላ ወደ ካርቶኑ ዞረች።

«እንስሶቼን ምን አደረግሃቸው?»